የመጠጥ ክልከላ ምክንያቶች፦ ከመዲና ጎዳናዎች እስከ አዋጅ ቁጥር 1112/2011

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሰሜን የሚወርድ ደግሞ ሱሉልታን ያገኛል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ሦስቱም ለዋና ከተማዪቱ ውኃ ያቀብላሉ፤ የሚያቀብሉበት መልክ ግን ይለያያል። ከቡራዩ የገፈርሳ ግድብ ውኃ በቧንቧ ይገባል። ከሱሉልታ የምንጭ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ ይመጣል። ከሰበታ ግን ውኃው ከገብስ ብቅል ጋር ተጠምቆ፣ ቢራ ሆኖ፣ በሣጥን ይጫናል።

በእነዚህ ከተሞች የሚያስተምር ኡስታዝና የሚያሰግድ ኢማም ስለ ኸምር ሲናገር ስለ ሩቅ ነገር አይናገርም። ከጀማዓው መካከል የፋብሪካው ቀን ሠራተኛ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ገብስ የሚሸጥ ገበሬ፣ ሱቁ ውስጥ ቢራ እንዲያስገባ የሚገፋፋ ነጋዴ ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ሲያጸድቅ፣ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ መጠጡም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕጉ መጠጥን ራሱን አላገደም። ሆኖም መንግሥት በመጠጥና በሕዝቡ መካከል ገብቶ «እስከዚህ ድረስ» ያለበት ጉልህ እርምጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ መንግሥታት መጠጥን የሚከለክሉት በምን ምክንያት ነው፣ ምክንያታቸውስ ከሸሪዓው ምክንያት ጋር የት ይገናኛል፣ የትስ ይለያያል የሚለው ነው።

የመዲናው ክልከላ እንዴት መጣ?

የኸምር ክልከላ በአንድ ቀን የወረደ ትእዛዝ አለመሆኑን ዑለማዎቻችን በሰፊው አስረድተዋል። በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 219 ኸምርና ቁማር ትልቅ ኃጢአትና ለሰዎችም ጥቅም እንዳለባቸው፣ ኃጢአታቸው ግን ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ተገለጸ። በሱረቱን ኒሳእ ቁጥር 43 የሰከረ ሰው ወደ ሶላት እንዳይቀርብ ታዘዘ። በመጨረሻም በሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 90 እና 91 ፍጹም እርም ሆነ። ጃቢር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ በኡሑድ ዘመቻ ጠዋት ኸምር ጠጥተው በዚያው ቀን ሸሂድ የሆኑ ሰሓቦች ነበሩ። ከዚህም የመጨረሻው ክልከላ የወረደው ከሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ የኡሑድ ዘመቻ በኋላ መሆኑን እንረዳለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመካ ከቆዩባቸው ዓመታት ጋር ሲደመር፣ ሕዝቡ ለዚህ ትእዛዝ ከዐሥር ዓመት በላይ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይህን ቅደም ተከተል ሲያብራሩ፣ መጀመሪያ የወረዱት ጀነትንና እሳትን የሚያወሱ ሱራዎች እንደሆኑ፣ ሰዎች ወደ እስልምና ከተሰባሰቡ በኋላ ሐላልና ሐራም እንደወረደ፣ ከመነሻው ኸምር አትጠጡ ቢባል ኖሮ ሰዎቹ ከቶ አንተውም ይሉ እንደነበር ተናግረዋል። ይህ በሶሒሕ አል ቡኻሪ የተዘገበ ንግግር ለዛሬው መምህር ትልቅ የታሪክ መመሪያ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይወሳ አንድ ሌላ ነጥብ አለ። በሶሒሕ ሙስሊም አቡ ሰዒድ አል ኹድሪ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመጨረሻው ክልከላ ቀደም ብለው አላህ ስለ ኸምር ፍንጭ እየሰጠ መሆኑን፣ ምናልባትም ትእዛዝ ሊያወርድ እንደሚችል፣ እጁ ላይ ያለበት ሰው ሸጦ እንዲጠቀምበት ለሰዎች አስታወቁ። ብዙ ሳይቆይ ክልከላው ወረደ፤ ከዚያ በኋላ መጠጣቱም መሸጡም ቆመ። ማስጠንቀቂያው ገንዘቡን በመጠጥ ላይ ላዋለ ሰው የመውጫ ጊዜ ሰጥቶታል። የመውጫው ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ልዩ አስተያየት አልነበረም፤ አቡ ጦልሓ (ረ.ዐ) የቲሞች የወረሱት ኸምር ምን እንደሚደረግ ሲጠይቁ እንዲደፋ ታዘዙ፤ ወደ ኮምጣጤ ልለውጠው ወይ ብለው ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም።

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) በአቡ ጦልሓ ቤት ለእንግዶች ሲቀዱ የነበሩት ከቴምር የተጠመቀውን ፈዲኽ ነበር። የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ተሰማ፤ አቡ ጦልሓ ውጣና ድፋው አሏቸው፤ መጠጡ በመዲና ጎዳናዎች ፈሰሰ። በዚያ ሰዓት በየቤቱ የሚፈትሽ ዘበኛ አልነበረም። ጋኑን የደፋው የጋኑ ባለቤት ራሱ ነበር።

የሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 91 የክልከላውን ምክንያት ራሱ ያስቀምጣል፤ ሸይጧን በኸምርና በቁማር በሰዎች መካከል ጠብንና ጥላቻን ሊጥል፣ አላህን ከማውሳትና ከሶላትም ሊያግድ እንደሚሻ ያስረዳል። ስለዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሰው ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት፣ ሁለተኛው ሰው ከጌታው ጋር ያለውን ግንኙነት ይመለከታል። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ወደ ዘመናችን ሕግ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የሐበሻ መጠጥ በሐዲስ መጻሕፍት

«ኸምር የተባለው የወይን ጠጅ ነው፤ የእኛ ጠላና ጠጅ ግን ሌላ ነው» የሚል አነጋገር በአገራችን አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ተጠይቆ መልስ አግኝቷል። አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ) ወደ የመን ሲላኩ፣ እዚያ ከማር ስለሚጠመቀው ቢትዕና ከገብስ ስለሚጠመቀው ሚዝር ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት መልስ አጭርና ጥቅል ነው፤ የሚያሰክር ነገር ሁሉ ሐራም እንደሆነ ነገሯቸው። ከማር የሚጠመቀው የየመኖች ቢትዕ ከእኛ ጠጅ ጋር፣ ከገብስ የሚጠመቀው ሚዝር ደግሞ ከእኛ ጠላና ከፋብሪካው ቢራ ጋር በዓይነቱ አንድ ነው። ዑመር ኢብን አል ኸጣብም (ረ.ዐ) በሚንበር ላይ ሆነው ኸምር ከወይን፣ ከቴምር፣ ከማር፣ ከስንዴና ከገብስ እንደሚሠራ፣ ኸምር ማለትም አእምሮን የሚሸፍን ነገር እንደሆነ አስታውቀዋል።

ይበልጥ ወደ አገራችን የሚቀርብም አለ። በሱነን አቢ ዳውድ ጉበይራእ የሚባል መጠጥ እንደተከለከለ ተዘግቧል። አቡ ዳውድ ከአቡ ዑበይድ አል ቃሲም ኢብን ሰላም ጠቅሰው ሲያብራሩ፣ ጉበይራእ ማለት ከዙራህ የሚጠመቅና ሐበሾች የሚሠሩት ሱኩርካህ የተባለ መጠጥ ነው ይላሉ። ኢማም ማሊክም በሙወጠእ ዘይድ ኢብን አስለምን ጠይቀው ተመሳሳይ ማብራሪያ አግኝተዋል። የሐበሻ የእህል ጠመቃ በሐዲስ ጥንታውያን መጻሕፍት በስሙ የተጠቀሰ ጉዳይ መሆኑን የሚያውቅ መምህር፣ ጠላን ከክልከላው ለማውጣት ለሚደረገው ሙከራ መልሱን በእጁ ይዟል።

የአገራችን ሙስሊም ማኅበረሰብም ይህን ትምህርት በምግብ ባህሉ ላይ አሳርፎታል። ከጎረቤቱ ጋር በአንድ መንደር እየኖረ፣ በሠርግና በዒድ ማዕዱ ላይ ሳይብላላ የሚጠጣውን የማር ብርዝና ከገብስ የሚዘጋጀውን ቀሪቦ አቅርቧል። ክልከላው ባዶ ቦታ ትቶ አላለፈም፤ በምትኩ የሚቀርብ ነገር ነበረ።

የዓለም መንግሥታት ምክንያቶች

የሌሎችን አገሮች ታሪክ ስናይ የክልከላው ምክንያቶች ብዙና የተደባለቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1890 የአውሮፓ መንግሥታት በብራስልስ ባጸደቁት ስምምነት፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን እስከ 20ኛው፣ በስተደቡብ እስከ 22ኛው ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ፣ በሃይማኖት እምነት ወይም በሌላ ምክንያት የአረቄ ልማድ ባልተስፋፋበት ቦታ አረቄ እንዳይገባ ደንግገዋል። የእስልምና ክልከላ በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ የፈጠረውን ሁኔታ የዘመኑ ዓለም አቀፍ ሕግ ሳይቀር እንደ ነባር እውነታ ተቀብሎታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቅኝ ገዢዎቹ ከዛቻና ከእዝነት የትኛው እንደገፋቸው መለየት ይከብዳል፤ ሰካራም የጉልበት ሠራተኛ ለንግዳቸው አይበጅም ነበርና።

በሩሲያ ዳግማዊ ኒኮላስ እ.ኤ.አ. በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የቮድካ ሽያጭን አገዱ። ምክንያቱ የሠራዊት ዲሲፕሊን ነበር፤ ነገር ግን ከመንግሥቱ ገቢ ከሩብ በላይ የሚሆነው ከቮድካ ይገኝ ስለነበር ግምጃ ቤቱ በጦርነት መካከል ተራቆተ። በአሜሪካ 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በጥር 1920 ሥራ ላይ ዋለ። ገፊዎቹ ደመወዝ በመሸታ ቤት ስለሚቀርባቸው ሚስቶችና ልጆች የተቆጩ ሴቶች፣ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት፣ ንቁ ሠራተኛ የፈለጉ የፋብሪካ ባለቤቶች፣ እህል ለጦርነቱ ይቆጠብ ያሉ ፖለቲከኞች ነበሩ። ከ1913 ጀምሮ የገቢ ግብር መጣሉም እስከዚያ ከፌዴራል መንግሥቱ ገቢ ሲሶ ያህል ያስገኝ የነበረውን የመጠጥ ቀረጥ ለመተው አስችሏል። ክልከላው 13 ዓመት ገደማ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1933 ተሻረ። ለሻሪዎቹ ጉልበት የሰጠው የኮንትሮባንድ ወንበዴነት ብቻ አልነበረም፤ የኢኮኖሚ ድቀቱ መንግሥትን የመጠጥ ቀረጥ አስናፍቆታል። ፊንላንድም በ1919 የጀመረችውን ክልከላ በ1932 አንሥታለች።

ሳዑዲ ዓረቢያ የተለየ ምሳሌ ናት። ለሙስሊሙ ኸምር ቀድሞም ሐራም ነበር፤ የውጭ ዜጎች ግን ያስገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 በጅዳ አንድ የንጉሡ ልጅ በስካር መንፈስ የብሪታንያን ምክትል ቆንስል በጥይት ገደለ። በተከታዩ ዓመት ንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ መጠጥ ለውጭ ዜጎች ጭምር እንዳይገባ አገዱ። አንድ ጠብ፣ አንድ ደም ለሕጉ መጽናት ምክንያት ሆነ፤ ቁርኣኑ አስቀድሞ የተናገረው የጠብና የጥላቻ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው ነገር አለ። የመንግሥታት ምክንያቶች በአብዛኛው የሚቆጠሩና የሚመዘኑ ናቸው፤ የሠራዊት ጥንካሬ፣ እህል፣ ቀረጥ፣ ጤና፣ ፀጥታ። የሚመዘን ምክንያት ሚዛኑ ሲዘነብል ሕጉን ይዞ ይዘነብላል። ቀረጥ ሲያስፈልግ ክልከላ ይላላል። የመዲናው ክልከላ ደግሞ የቁጥሩን ክርክር አልሸሸም፤ ጥቅም እንዳለው በግልጽ አምኖ፣ ከጥቅሙ የሚበልጠውን አስቀምጦ ፈረደ። ስለዚህም ጥቅሙ ቢጨምር የሚፈርስ ፍርድ አልሆነም።

የኢትዮጵያ መንገድ

በኢትዮጵያ የፋብሪካ ቢራ ታሪክ የመቶ ዓመት ዕድሜ አለው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። የሰበታው ሜታ አቦ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከተለ። ይህ ፋብሪካ በደርግ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሆኖ ቆይቶ፣ በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ለተባለው የብሪታንያ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል አካል ወደ ሆነው ቢጂአይ ኢትዮጵያ ተላለፈ። በዚያው ዘመን ሄኒከን የሐረርና የበደሌ ፋብሪካዎችን ገዝቶ በአዲስ አበባ ቂሊንጦ አዲስ ፋብሪካ ሠራ፤ ሌሎች አዳዲስ ፋብሪካዎችም ተከፈቱ። ፉክክሩ ሲበረታ ማስታወቂያው በረታ። የቢራ ስም በእግር ኳስ ማሊያ ላይ፣ በበዓል ዝግጅት ላይ፣ በሙዚቃ መድረክ ላይ፣ ልጆች በሚያዩት ቴሌቪዥን ላይ ተሰራጨ። የብሔራዊ ቡድኑ ቅጽል ስምና የአንድ ቢራ ስም አንድ እስከ መሆን ደረሱ።

ሕጉ ይህን ሩጫ ዘግይቶ ተከተለው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በብዙኃን መገናኛ እንዳይተዋወቅ የከለከለው የአልኮል መጠኑ ከ12 በመቶ በላይ የሆነውን መጠጥ ነበር። ቢራ የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ አካባቢ ስለሆነ በዚያ በር ሰተት ብሎ አለፈ። ገንዘብ ያለው፣ ማስታወቂያ የሚገዛውም እሱ ነበርና ክልከላው አረቄውን ይዞ ቢራውን የለቀቀ ወንፊት ሆነ። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002ም ያስቀመጠው የዕድሜ ወሰን 18 ዓመት ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሁለቱንም አጠበቀ፤ ዕድሜውን ወደ 21 ከፍ አደረገ፣ ቢራም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ አደረገ። በተከታዩ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012ም መጠጥን ከፍ ያለ ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች መካከል አስቀምጦታል።

ምክር ቤቱ ለዚህ ውሳኔ የቁርኣንን አንቀጽ አልጠቀሰም፤ ሊጠቅስም አይችልም ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል። ስለዚህ ሕጉ የቆመው በሕዝብ ጤና ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ጎጂ የአልኮል አጠቃቀምን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ስልት አውጥቶ ነበር፤ ለመንግሥታት ከሚመክራቸው መንገዶች ዋናዎቹ ቀረጥ መጨመር፣ ማስታወቂያን ማገድና ሽያጭን መገደብ ናቸው። በ2018 ያወጣው ዘገባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ዙሪያ 3 ሚሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከሞቱት ሁሉ 5.3 በመቶው፣ ከአልኮል ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሞቱ ገልጿል።

አሁን ወደ ቀደመው ልዩነት እንመለስ። ሕጉ የያዘው ከሁለቱ የቁርኣን ምክንያቶች የመጀመሪያውን፣ ሰው ከሰው ጋር ያለውን ነው፤ የመንገድ አደጋ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ የወጣት ሱስ። ሁለተኛውን፣ ሰው ከጌታው ጋር ያለውን፣ ሕጉ አይነካም፤ ሥራውም አይደለም። ይህ ለኢማሞቻችን ሁለት ትርጉም አለው። በመጀመሪያው ምክንያት ከማንኛውም ጎረቤት ጋር፣ ከክርስቲያኑም ጋር፣ በአንድ ድምፅ መቆም ይቻላል፤ ልጁ በ16 ዓመቱ መጠጥ እንዳይሸጥለት የማይፈልግ እናትና አባት የለምና። ሁለተኛው ግን በምክር ቤት የሚጸድቅ አይደለም፤ የሚጸድቀው በመድረሳና በሚንበር ነው።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚቀረው ሥራ

ሕጉ ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። የዕድሜ ወሰኑ የሚጠበቀው በየሱቁ መስኮት ላይ ነው፤ በዚያ መስኮት ደግሞ የሚቆመው ባለሱቁና ወጣቱ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ከቴሌቪዥን ቢወጣም የእጅ ስልክ ከተማሪው ኪስ አልወጣም። ስለዚህ የ21 ዓመቱ ድንጋጌ በሰፈሩ እንዲታወቅ ማድረግ፣ ለመንደሩ ነጋዴ በመልካም አነጋገር ማስታወስ፣ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በአግባቡ ማሳወቅ የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የእንጀራ ጉዳይ ነው። በአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) በተላለፈውና ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ ከኸምር ጋር በተያያዘ ዐሥር ሰዎች ተረግመዋል፤ ከእነሱም ውስጥ ጨማቂው፣ ተሸካሚው፣ ቀጂው፣ ሻጩና ዋጋውን የሚበላው ይገኙበታል። ለሰበታ ጀማዓ ይህ ዝርዝር የሥራ መደቦች ዝርዝር ያህል ቅርብ ነው። ገብስ ወይም የወይን ጭማቂ ኸምር ለሚያደርግ ሰው ስለመሸጥ ግን ፉቀሃዎች ተለያይተዋል፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ ጭማቂውን ለዚህ ሰው መሸጥን ሲፈቅዱ፣ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ጠልተውታል፤ ሐንበሊዮች የገዢው ዓላማ ከታወቀ ከልክለውታል። ኢማሙ የጠማቂውን ብይን ለገበሬው፣ የገበሬውን ለጠማቂው እንዳይሰጥ ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት።

ከዚህም ጋር የአቡ ሰዒድ አል ኹድሪን ሐዲስ ማስታወስ ይገባል። የመውጫ ጊዜ የሰጠው ያ ማስጠንቀቂያ ክልከላውን አላላላውም፤ የሰውን ኑሮ ግን ከግምት አስገብቷል። ዛሬ ብይኑ ታውቋልና ሐራሙን ሐላል ለማድረግ ጊዜ የምንሰጥበት ሥልጣን የለንም። ነገር ግን ከፋብሪካው መውጣት የሚፈልግን አባወራ «ተው» ብሎ መተውና «ተው፤ እስኪያልፍልህ አብረንህ ነን» ማለት አንድ አይደሉም። ዘካ የሚሰበስብ መስጂድ፣ ነጋዴ ያለበት ጀማዓ፣ ለአንድ ሠራተኛ ሌላ ሥራ ማፈላለግ አይሳነውም። ጠላና አረቄ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድገው ጎረቤትም በሚንበር ላይ የምትዋረድ ሰው አይደለችም፤ ከአማራጭ እጦት የገባችበት መሆኑን ማሰብ ፍትሕ ነው።

ለመምህራን አንድ ነገር እንጨምር። በመድረሳ የኸምር ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከቅጣቱ ነው። የዓኢሻ (ረ.ዐ) ንግግር የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ እምነት፣ ከዚያ ብይን። ቴሌቪዥኑ የቢራን ደስታ ለዓመታት ለልጁ ሲያስተምር ቆይቷል፤ እኛ ከቅጣት ብንጀምር የምንናገረው ገና ላልተዘጋጀ ልብ ነው። ሁለቱን የቁርኣን ምክንያቶች፣ ጠብን ማስወገድንና ሶላትን መጠበቅን፣ በአካባቢው ምሳሌ እያስረዱ ማስተማር ልጁ ሕጉም ሆነ ወላጁ በማያዩት ቦታ ራሱን እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

አዋጅ ማስታወቂያን ከአየር ሊያወርድ ይችላል። በሌላ ምክር ቤት፣ በሌላ የበጀት ዓመት፣ ቀረጡ ሲናፈቅ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። በመዲና ጎዳናዎች የፈሰሰው ግን ተመልሶ አልተቀዳም፤ የደፉት እጆች የገዛ ባለቤቶቹ እጆች ነበሩና። ወላሁ አዕለም።